አራተኛው እግር

በርጩማ ነው የምሠራው፣ ሄርማታ ከገበያው ዳር፣
ከአንድ የዋንዛ ግንድ፣ ያለ ሙጫ፣ ያለ ሚስማር።
ሦስት እግር አወጣለሁ።
«ለምን አራት አይሆንም?» ሲሉኝ፣
«ወለል ሲጎረብጥ ሦስቱ ይስማማሉ፤
አራተኛው ነው የሚያሳብቅ» እላለሁ።

ሐምሌ ነበር። ቫርኒሹ እምቢ አለኝ፣ ሁለት ቀን አልደርቅ፤
በሩን ገርበብ አድርጌ የጅማን ፀሐይ ስጠብቅ፣
ቡሬ፣ ድመታችን
(ስሙን ያወጣችላት ረምላ ናት፣ ትንሿ ልጃችን)
ከመደርደሪያው ዘላ ጣሳውን ገለበጠች፤
በአራቱም እግሯ ገባችበት፣
ማር የረገጠች መሰለች።

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤
ቫርኒሽን የሚፈታው ቲነር ነው፤
ሃያ ሁለት ዓመት እጄን ያጸዳሁት በሱ ነው።
ጨርቅ ነከርኩና፣ አንድ በአንድ፣ በፍቅር፣
ጣቷን ከጣቷ መሀል፣ ጥፍሯን ከሥር፣
እስኪለቅ ፈተግኋት። ጮኸች፤ ቧጠጠችኝ።
«ታገሺ፣ ለራስሽ ነው» አልኳት። ነከሰችኝ።

ከዚያ ጥግ ይዛ ተጠቀለለች፣
ድመት የሚያደርገውን አደረገች፤
መዳፏን ላሰች።
ላሰች፣ ላሰች።
«ንጹሕ ፍጥረት፣ የቀረውን ራሷ ትጨርሰው» ብዬ
እራቴን በልቼ ተኛሁ፣ በሥራዬ ተደላድዬ።

ሌሊት ረምላ ቀሰቀሰችኝ፤
«አባ፣ ቡሬ አረፋ ደፈቀች» አለችኝ።
ወተት ጋትናት። እናቶቻችን ለመርዝ ያሉት እሱን ነው።
አስመለሳት፤ ትንፋሿ እንደ መጋዝ ሆነ፣ የደነዘ መጋዝ።
ሲነጋ በዘንቢል አድርጌ ወጣሁ፣ አዌቱ ሞልቶ ሲጓዝ።
የባጃጁ ሹፌር አፍንጫውን ይዞ
«ቀለም ነው የጫንከው?» አለኝ።
መልስ አጣሁ።

የእንስሳት ሐኪሟ፣ ዶክተር ሌንሴ፣
«በምን አጠብካት?» አለች።
«በቲነር።»
ብዕሯን አስቀመጠች።
«የወጥ ዘይት ነበር መድኃኒቱ፤ ዘይት ቀብተህ ማሸት፣
ከዚያ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣
እንዳትልስ መጠቅለል፣ ወዲያው ወደኔ ማምጣት።
ወተት አትጋት፤ አታስታውካት፤
ሲመለስ ነው ሳንባ የሚገባባት።»
ዘይት! ዘይቱ ከድስቱ አጠገብ ነበር፣
ከኔ ሁለት እርምጃ።

አግዳሚው ላይ መኩሪያ የሚባል የቦሳ ሰው
ውሻውን በጭኑ አጋድሟል፤ ያንቀጠቅጠዋል፣ ለሃጩ ይወርዳል።
ቁንጫ ልገላግለው ብሎ ማላታይን ቀብቶታል፣
በሃይላንድ ቀድተው የሸጡለትን፣ ስም የለው፣ ልክ የለው።
«ሲያክ ሲያድር አሳዝኖኝ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።
ከሰዓት በኋላ ባዶ ሰንሰለት ይዞ ሄደ።
እኔን ቀና ብሎ አላየኝም፤ እኔም አላየሁት።

ቤቴ ገብቼ በእንብርክኬ ሆንኩ፤
ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብዬ ቤቴን አየሁ።
በበረኪና ታጥቦ ያልደረቀ ሲሚንቶ፣
ከአልጋው ሥር የአይጥ መርዝ፣ በሰርዲን ቆርቆሮ ተሞልቶ፣
ከምድጃው ጎን የተንጠባጠበ ላምባ፤
ከሳጥኑ ሥር የተንከባለለች አንዲት ናፍታሊን፣
ነጭ፣ እንደ ከረሜላ።
እኔ የምረግጠው ወለል ለካ
ለሷ ሳህን ነው።

ሐዋ፣ ባለቤቴ፣ ከበር ቆማ
«ምን ጠፋህ?» አለችኝ።
ምን እንደጠፋኝ ስፈልግ ጉልበቴ በረኪናውን ጠጣ።

ቡሬ ዳነች። ከአስራ አንድ ቀን በኋላ ዓሣ ጠየቀች።
ግን የኋላ ግራ እግሯ ቆዳው ተገፎ ነበርና
ዛሬም ሙሉ አትረግጠውም፤ አንጠልጥላው ትቆማለች፣
በሦስቱ፣ ከበርጩማዎቼ መሀል።
ደንበኛ ይመጣል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ዓይኑ እሷ ላይ ያርፋል፤
«ምን ሆና ነው?» ይላል።
መላጊያዬን አነሣለሁ። ዋንዛው ይንጫጫል።

ቲነሩ አሁን ከጣሪያው ሥር ነው፣ ተቆልፎ።
ማታ እጄን በዘይት አሽቼ በሳሙና እታጠባለሁ፤
እሷ ትመጣለች፣ ቀስ ብላ፣
አንዱን ጣት ታሸታለች፣ ሌላውን ታሸታለች፤
አንዳንድ ቀን ትቀመጣለች፣
አንዳንድ ቀን ትመለሳለች።